የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ለማስተማር ለምትሠለጥኑ፦ ክረምቱን ከልጆች ጋር

አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ 63 − 27 = 44 ብላ ጽፋለች። መልሱ ስሕተት መሆኑን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ለምን 44 እንዳለች ማወቅ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ልጅቷ ከ3 ላይ 7 አይነሳላትምና ገልብጣ ከ7 ላይ 3 ቀነሰች፤ ቀጥላ ከ6 ላይ 2 ቀነሰች። የምትሠራው በዘፈቀደ አይደለም፣ ደንብ አላት። «ተሳስተሻል፣ እንደገና ሥሪው» ብትሏት በዚያው ደንብ ሠርታ እንደገና 44 ታመጣለች።

ይህን ዓይነቱን ደንብ ለማየት ከልጅ ጎን ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። በመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ እንደ ኮተቤ ባለ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ሁሉ ፕራክቲከም ትወጣላችሁ። ነገር ግን የፕራክቲከም ሳምንታት አጭር ናቸው፤ መምህራችሁ ከኋላ ተቀምጦ ነጥብ ስለሚይዝባችሁም ዓይናችሁ ያለው የትምህርት ዕቅዳችሁና ሰዓታችሁ ላይ ነው። በኔ እምነት ለአንድ የሒሳብ ሠልጣኝ ከሁሉ በላይ የሚጎድለው መጽሐፍ ወይም መተግበሪያ ሳይሆን ማንም ነጥብ በማይሰጥበት ቦታ ልጆች ሲያስቡ የማየት ዕድል ነው። ያንን ዕድል የሚሰጠው የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ያዘጋጀሁት ይህን አስቤ ነው።

መጀመሪያ፦ ራሳችሁን ፈትኑ

ወደ ልጆቹ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና 1¾ ÷ ½ን ሥሩ። ከዚያ ይህ ስሌት ትርጉም የሚኖረው አንድ አጭር የቃላት ፕሮብሌም ጻፉ።

ይህ ጥያቄ የታወቀው ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ነው። የአሜሪካና የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ጠይቃ ነበር። ቻይናውያኑ በሙሉ ስሌቱን በትክክል ሲሠሩ፣ ከአሜሪካውያኑ በትክክል የጨረሱት ከግማሽ በታች ነበሩ። የቃላት ፕሮብሌም ጻፉ ሲባሉ ደግሞ ልዩነቱ የባሰ ሰፋ። ከአሜሪካውያኑ ብዙዎቹ የጻፉት «ለሁለት ሰው ማካፈል» የሚል ነበር፤ ያ ደግሞ ለ2 ማካፈል እንጂ ለግማሽ ማካፈል አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፦ 1¾ ኪሎ ቡና አለኝ፤ ግማሽ ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ብሞላው ስንት ከረጢት ይወጣዋል? ሦስት ከረጢት ይሞላና የአራተኛው ግማሽ ይያዛል።

እናንተስ ምን ጻፋችሁ? ገልብጦ ማባዛቱን ብቻ የምታውቁ ከሆነ አትሸማቀቁ፤ አብዛኞቻችን የተማርነው እንደዚያ ነው። ግን ከዚህ ጀምሩ። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉትን ርእሶች ተራ በተራ እያነሳችሁ «ይህ ለምን ይሠራል?» ብላችሁ በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ። ስንቀንስ ከአስር ቤት የምንበደረው ምንድን ነው? በ10 ስናባዛ ዜሮ የምንጨምረው ለምንድን ነው? 0.4 ከ0.35 የሚበልጠው ለምንድን ነው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ገጽ መጻፍ ካልቻላችሁ፣ የካልኩለስ ውጤታችሁ ምንም ያህል ቢያምር በክፍል ውስጥ ያስቸግራችኋል።

ሁለተኛ፦ ሦስቱን ሰነዶች ያዙ

የተማሪውን መጽሐፍ፣ የመምህሩን መምሪያና መርሐ ትምህርቱን፣ የምታስተምሩበት ክልል ልጆች በሚማሩበት ቋንቋ የተዘጋጁትን ያዙ። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው፣ በቴሌግራም የሚዞሩት ኮፒዎች ብዙ ጊዜ የድሮው ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በስፋት መተግበር በጀመረው አዲሱ ሥርዓት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሆኖ 7ኛና 8ኛ ራሳቸውን የቻሉ መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል፤ ርእሶችም ከክፍል ክፍል ተዘዋውረዋል። ስለዚህ የታተመበትን ዓመት ሳታዩ አትመኑ።

ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። እናንተ ሒሳብን ለዓመታት በእንግሊዝኛ ተምራችሁ ልታስተምሩ የምትሄዱት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። ላዕልና ታህት፣ መጠነ ዙሪያ፣ አስርዮሽ፣ ቀሪ፣ ብዜት የሚሉትን ቃላት ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ መፈለግ የለባችሁም። አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ መድቡ፤ ከመማሪያ መጽሐፉ እያወጣችሁ ጻፉ፤ ከጎኑ ልጅ የሚገባው አንድ ምሳሌ አስቀምጡ።

መጽሐፉን ከየት? የምትሄዱበት ትምህርት ቤት ያውሳችኋል። ካልሆነ በየጉድኝት ማዕከሉ ያለውን ሱፐርቫይዘር ጠይቁ። አዲስ አበባ ላላችሁ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለንባብም ለዝግጅትም ምቹ ነው።

ሦስተኛ፦ ቦታ ፈልጉ

ቀላሉ ቦታ ራሳችሁ የተማራችሁበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ ያውቃችኋል፣ ሠፈሩም ያውቃችኋል፤ ወላጆች ልጃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ያውቃሉ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሆነ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። በየክረምቱ መንግሥት በሚያካሂደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ውስጥ የማጠናከሪያ ትምህርት አንዱ ዘርፍ ነው፤ በቀበሌያችሁ ወይም በወረዳችሁ የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት የትኛው እንደሆነ ሰኔ ሳያልቅ ጠይቁ። ዘግይቶ የሄደ ተመዝጋቢ ብዙ ጊዜ ወደ ችግኝ ተከላና ወደ ጽዳት ነው የሚመደበው። ሥራው ክቡር ነው፤ እናንተ ግን የሠለጠናችሁበት ሌላ ነገር ስላለ «የሒሳብ ማጠናከሪያ» ብላችሁ በግልጽ አስመዝግቡ።

ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ደግሞ የግቢያችሁን የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል ሂዱና አነጋግሩ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው፤ በአቅራቢያቸው ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር የተፈራረሙት ስምምነት ብዙ ጊዜ ተማሪው ሳያውቀው በፋይል ውስጥ ተቀምጧል። የተማሪዎች የበጎ አድራጎት ክበባትም ቅዳሜና እሑድ የሚያስጠኗቸው ልጆች አሏቸው።

ከዚህ ውጭ፦ ኮድ ኢትዮጵያ በገጠር ከተሞች ያቋቋማቸው የማኅበረሰብ አብያተ መጻሕፍት፣ በተለያዩ ከተሞች ያሉት የኤስ ኦ ኤስ የልጆች መንደሮች፣ በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤቶችና መስጊዶች ወጣቶች የሚያካሂዱት የማስጠናት መርሐ ግብር። ስቴም ፓወር በየዩኒቨርሲቲው ያቋቋማቸው ማዕከላት በዋናነት ከፍ ላሉ ክፍሎች የታሰቡ ቢሆኑም የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ልጅ ወደ ሒሳብ እንዲሳብ ማድረግ ለምትፈልጉ መጎብኘት ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ግን ከሌሎቹ አስበልጬ እጠይቃችኋለሁ። በጦርነትና በመፈናቀል ከትምህርት ርቀው የቆዩ ልጆች ባሉበት አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ወደዚያ ሂዱ። እነዚህ ልጆች ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት ሆኖ ሒሳባቸው የሁለተኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ሞኞች አይደሉም፤ የተቋረጠባቸው ነገር አለ። ብቻ በራሳችሁ ተነሥታችሁ አትግቡ፤ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል እለፉ።

ስትሄዱ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ርዕሰ መምህሩን ስታነጋግሩ «ልጆቹን ላስተምር መጣሁ» ከማለት «የትኞቹ ልጆች ሒሳብ እንደከበዳቸው መምህራኑ ይንገሩኝ፣ ከእነሱ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ልቀመጥ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው አነጋገር እዚያ ለዓመታት ያስተማሩትን መምህራን ቅር ያሰኛል፤ ሁለተኛው ደግሞ እውቀታቸውን ይጠይቃል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በኩል ወላጆች እንዲያውቁ አድርጉ። ከልጅ ጋር ብቻችሁን በተዘጋ ክፍል አትቀመጡ፤ በር ክፍት ይሁን፣ ሁለት ሆናችሁ ሥሩ። የልጆችን ፎቶ አንሥታችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ። ከወላጅ ገንዘብ አትቀበሉ፤ የተቀበላችሁ ዕለት ሥራው አስጠኚነት ይሆንና የማይከፍሉት ልጆች ይቀራሉ።

አራተኛ፦ በመጀመሪያው ሳምንት አታስተምሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርታችሁ በቃል ጠይቁ። ለዚህ የሚረዳ በነፃ የሚገኝ መሣሪያ አለ፤ በዩኤስኤይድ ድጋፍ አር ቲ አይ የተባለው ተቋም ያዘጋጀውና ኤግማ በመባል የሚታወቀው የመጀመሪያ ክፍሎች የሒሳብ ምዘና። በአገራችንም ጥቅም ላይ ውሏል። ጥያቄዎቹ ጥቂት ዓይነት ናቸው፦ ቁጥር ማንበብ፣ ከሁለት ቁጥሮች የሚበልጠውን መለየት፣ በተከታታይ ቁጥሮች መካከል የጎደለውን መሙላት፣ መደመርና መቀነስ፣ በመጨረሻም በቃል የሚነገሩ የቃላት ፕሮብሌሞች። ለአንድ ልጅ ሩብ ሰዓት ያህል በቂ ነው።

ከትክክልና ስሕተት ይልቅ ግን መንገዱን ያዙ። ልጁ 8 + 5ን በጣቱ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል? ከ8 ቀጥሎ 9፣ 10፣ 11 ይላል? ወይስ ከ5ቱ 2 ወስዶ 10 ሞልቶ 3 ይጨምራል? ሦስቱም 13 ይላሉ፤ ሦስቱ ልጆች ግን በጣም የተራራቁ ናቸው። ከአንድ ጀምሮ የሚቆጥረውን ልጅ ወደ ባለሁለት ቤት መደመር ብታስገቡት ከሰሌዳ ከመገልበጥ በቀር የሚያተርፈው የለም።

ልትጠይቁ የሚገባችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «እንዴት አገኘኸው?» እና «አሳየኝ»። መልሱ ትክክል ሲሆንም ጠይቁ። በብዙ ክፍሎቻችን መምህር «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቀው ልጁ ሲሳሳት ብቻ ስለሆነ ልጆች ጥያቄውን እንደ ቁጣ ይሰሙታልና ወዲያው መልሳቸውን ይሰርዛሉ። ይህ እስኪለቃቸው ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ታገሡ።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አክሉ፦ 8 + 4 = ▢ + 5። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት ይህ የቀረበላቸው 145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉም 12 ወይም 17 ብለው መለሱ፤ 7 ያለ አንድም አልነበረም። የእኩል ይሆናል ምልክት ለእነሱ «መልሱ ይኸው» የሚል ምልክት ነበር እንጂ ሁለቱ ወገኖች ይስተካከላሉ የሚል አልነበረም። የእናንተ ልጆች ምን ይላሉ? የአልጀብራ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በኋላ ሰባተኛ ክፍል ላይ 𝑥 የሚያስለቅሳቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍልፋይ ላይ ½ + ⅓ን ስጡ። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው 2/5 የሚሉ ይበዛሉ። «አይደለም» አትበሉ። 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብላችሁ ጠይቁ። ግማሽ እንጀራ ላይ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ አነሰ? ልጁ ራሱ ግራ ሲጋባ ያኔ ነው የምትጀምሩት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው አቧድኗቸው። የአራተኛ ክፍል ልጅ ከሁለተኛ ክፍል ልጅ ጋር ቢቀመጥ ነውር የለውም። ይህ አሠራር ከህንድ ፕራታም ከተባለ ድርጅት የመጣ ነው፤ ልጆችን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ባሉበት ደረጃ ማስተማር መሠረታዊ ክህሎታቸውን እንደሚያሻሽል ካሳዩት ተመራማሪዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ይገኙበታል። ከስልሳ በላይ ተማሪ በያዘ ክፍል መምህሩ ይህን ለማድረግ ይከብደዋል። እናንተ በክረምት ሃያ ልጅ ይዛችሁ ትችላላችሁ፤ ከመደበኛው መምህር የምትለዩበት ጥቅማችሁም ይኸው ነው።

አምስተኛ፦ ቁሳቁስ ከእጃችሁ ሥር

በትምህርት ቤቱ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል አለ። ቁልፉን የያዘውን መምህር ፈልጉት፤ አቧራ የሸፈናቸው ጥሩ ጥሩ ነገሮች ታገኛላችሁ። ካልሆነ ቆርኪ፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ጠጠርና እንጨት ይበቃል። አሥር እንጨት በክር የታሰረ አንድ አስር ነው፤ ዘጠኝ ሆኖ መታሰር አይችልም፣ አሥራ አንድ ሆኖም አይታሰርም። 63 − 27 ያቃታት ልጅ ስድስት እስርና ሦስት ነጠላ እንጨት ይዛ ሰባት ስጪኝ ስትባል፣ አንዱን እስር ከመፍታት ሌላ አማራጭ የላትም። መበደር ምን እንደሆነ በእጇ ታውቃለች። ከዚህ በኋላ በደብተሯ ላይ ያንኑ እንድትጽፍ አድርጓት፤ እንጨቱና ጽሑፉ ተለያይተው ከቀሩ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ያልፋል።

ገበጣን አትናቁ። ሰሌዳ ባይኖር መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መጫወት ይቻላል። ጥሩ ተጫዋች የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ሳይነካ ያሰላል፤ ያ የአእምሮ ስሌት ነው። ልጁ ከመዝራቱ በፊት የት እንደሚጨርስ እንዲናገር አድርጉ።

የግዕዝ ቁጥር ደግሞ ለላይኞቹ ክፍሎች ያለን ድንቅ ሀብት ነው፤ ለምን በክፍል ውስጥ እንደማንጠቀምበት አይገባኝም። ብዙ ልጆች ሦስት መቶ ሰባትን 3007 ብለው ይጽፋሉ፤ ሦስት መቶን ጽፈው ሰባትን ይቀጥላሉ። በግዕዝ ይህ አጻጻፍ ትክክል ነው፦ ፫፻፯። መቶ የራሱ ምልክት ስላለው ባዶ ቤት የሚጠብቅ ዜሮ አያስፈልግም። በምንጠቀምበት አጻጻፍ ግን መቶነቱን የሚናገረው ቦታው ስለሆነ ዜሮ የአስሩን ቤት ካልጠበቀ 3ቱ ቦታውን ይስታል። ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን አስቀምጡና ልጆቹ ዜሮ ምን እንደሚሠራ ራሳቸው ይንገሯችሁ። ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል የዘመን መቁጠሪያ ቁጥሮቹን መልቀም ይችላሉ።

ስድስተኛ፦ ከስልካችሁ

ዳታ ውድ ስለሆነ በግቢ ዋይፋይ አውርዳችሁ ሂዱ። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩት የፌት ማስመሰያዎች ነፃ ናቸው፣ ከወረዱ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ክፍልፋይና ስፋት ላይ ያሉትን አስቀድሙ። ኮሊብሪ የተባለው ሥርዓት የካን አካዳሚን ትምህርቶች ጨምሮ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት ከአንድ ኮምፒውተር ለብዙ መሣሪያ ያሠራጫል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ኤንሪች ልጅን ቁጭ አድርገው የሚያሳስቡ ጥያቄዎች አሉት፤ ለራሳችሁም ይጠቅማችኋል። ከሁሉ ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው ቴሳ ነው፤ በብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ለአፍሪካ መምህራን የተዘጋጀ ሲሆን ብዙ ተማሪና ጥቂት ቁሳቁስ ባለበት ክፍል የሚሠሩ የሒሳብ ተግባራትን ይዟል። የምትጠቀሙት የእንግሊዝኛውን ስለሚሆን የመረጣችሁትን ተግባር ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ መልሳችሁ ጻፉት።

ሁሉንም አታውርዱ። ለሳምንቱ የሚያስፈልጋችሁን አንድ ብቻ ያዙ፤ ምርጫችሁም በልጆቹ ላይ ካያችሁት ችግር ይነሣ።

ሰባተኛ፦ ጻፉ፣ አስረክቡ

በየቀኑ ከመውጣታችሁ በፊት ዐሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኛው ልጅ፣ ምን ብሎ አሰበ፣ ነገ ምን እጠይቀዋለሁ። የልጁን ንግግር እንዳለ ጻፉት። ለተግባራዊ ምርምር ርእስ አጥታችሁ የምትንከራተቱበት ጊዜ ሲመጣ ይህ ደብተር ያወጣችኋል፤ ከኢንተርኔት የተቀዳ ርእስ ይዞ ከመቅረብ «በአንድ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲቀንሱ የሚፈጽሟቸው ስሕተቶች» ብሎ መቅረብ የተሻለ ነው። በምርምሩ ለመጠቀም ግን የትምህርት ቤቱንና የወላጆችን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የልጆቹንም ስም ቀይሩ።

በአገራችን ተማሪ ወጥቶ ማስተማሩ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር፤ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። ያ ግዴታ ነበር፣ አንድ ሙሉ ዓመትም ነበር። እናንተ ያላችሁ ሁለት ወር ነው። ስለዚህ ከጀመራችሁ በኋላ ቀን አታጉድሉ፤ በየሳምንቱ የምትመጡበት ቀንና ሰዓት አይለዋወጥ። መቀጠል የማትችሉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ለልጆቹ ንገሩ፣ የሚተካችሁንም አምጥታችሁ አስተዋውቁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ ምን ይችላል፣ ምን ላይ ቆሟል፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ያነቃቃዋል። መስከረም ላይ ለሚቀበለው የክፍል መምህር በርዕሰ መምህሩ በኩል ስጡት። የእስር እንጨቶቹንና የሠራችሁትን ቁሳቁስ እዚያው ተዉ። ከዚያ የሠራችሁበትን ሰዓትና ያስተማራችሁትን ርእስ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጠይቁ፤ ሥራ ስታመለክቱ ይጠቅማችኋል። «በበጎ ፈቃድ አገልግሏል» ከሚል ደረቅ ወረቀት ይልቅ «ለሃያ ተማሪዎች የመቀነስና የክፍልፋይ ማጠናከሪያ ሰጥታለች» የሚለው እንዲጻፍላችሁ ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ለጸሐፊዋ ስጧት።